ፒያኖ ላይ የተበላው ምሳ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘችበት የብራንታስ ወንዝ ነገ ጠዋት ሽቅብ ይፍሰስ፤ የእኔም ምላስ እንደ ደረቀ ዓሣ ገበያ ላይ ትሰቀል። ከራሳቸው ከወረዳችን ገዥ ከራደን ማርቶዲፑሮ አፍ የሰማሁት ነው። የጨመርኩበት የለም። እንዲያውም ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ብዙ ቦታ ላይ ቀንሼለታለሁ።

ጀልባዋ ከሱራባያ ወደብ ተነስታ፣ ስምንት ቀዛፊዎች እያለከለኩ ወደ መርከቧ ሲገፏት ራደን ማርቶ መሃል ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ሌላው ተሳፋሪ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ ፈጣሪውን ይለማመናል፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ችካል አይነቃነቁም። ወገባቸው ላይ ቡናማ የባቲክ ሽርጥ፣ ጀርባቸው ላይ ከአያት የወረደ ጩቤ፣ ራሳቸው ላይ በጥንቃቄ የተቋጠረ ሻሽ፣ እግራቸው ላይ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ተብሎ የተገዛ፣ ሰው የሚያስለቅስ የሆላንድ ጫማ። የማዕረግ ጥላቸውን የሚይዘው አሽከር ቲኬት ስላልተቆረጠለት ወደቡ ላይ ቀርቷል። የወረዳ ገዥ ደግሞ ጥላውን በገዛ እጁ አይይዝም። ስለዚህ ጥላው ተጠቅልሎ እንደ አንድ የተከበረ ተሳፋሪ አጠገባቸው ተቀምጧል።

ጊዜው ባቡር ገና ከሱራባያ ባታቪያ በአንድ ቀን የማይደርስበት ዘመን ነው። ክብር ያለው ሰው የሚጓዘው በባሕር ነበር። መርከቧን፣ ነጭ ስለሆነችና አንገቷን ስለምትቀስር፣ የወደቡ ሰው ዝይዋ ይላታል። ርዝመቷን ልንገራችሁ፤ አፍንጫዋ ሰማራንግ ደርሶ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ጭራዋ ላይ ያለው ምግብ አብሳይ ገና ሱራባያ ገበያ ሎሚ እየተከራከረ ይገዛል።

ራደን ማርቶ ወደ ዋና ከተማው ወደ ባታቪያ የሚሄዱት ለሽርሽር አልነበረም። የአውራጃው ገዥ በዝናቡ ወራት አርፈው ወንበራቸው ባዶ ነው። ለወንበሩ ሁለት ሰው ታጭቷል፤ አንዱ ራደን ማርቶ፣ አንዱ የአጎታቸው ልጅ። ዘር እንደሆነ ሁለቱም አላቸው። አገሩን የያዙት ሆላንዶች የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር። ሟቹ ገዥ በገቡበት ሁሉ ሕዝቡ ራሱ ከራሳቸው እንዳይበልጥ መሬት ላይ ቁጢጥ እያለ፣ ጋሪው ሲቆም፣ ፋብሪካው ሲቆም፣ ፖስታው ሲቆም ሰልችቷቸዋል። ቀጣዩ ገዥ ከነጮቹ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ፣ ያለ ግርግር በልቶ የሚነሳ ሰው እንዲሆን ፈልገዋል። ይህን አይቶ ሪፖርት እንዲያደርግ የታዘዘው ሹም፣ ሜኔር (አቶ እንደማለት ነው) ፋን ዴልደን፣ በዚያችው መርከብ ተሳፍሯል። ያውም በዚያው ክፍል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከራደን ማርቶ ጋር።

ክፍሏ! የአንደኛ ማዕረግ ክፍል ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ዝም ብሎ ይስማ። ወለሏ ላይ ድመት ብትረግጥበት ሰጥማ የምትቀርበት ምንጣፍ ተነጥፏል። ከግድግዳው ውስጥ እንደ መሳቢያ ስበው የሚያወጡት የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ታጥበው ሲጨርሱ መልሰው ይገፉታል፣ ግድግዳው ውሃውን ውጦ ዝም ይላል። በክቧ መስኮት በኩል የጃቫ ባሕር ይታያል፤ መጋረጃም አለው፣ ባሕሩን ማየት ለሰለቸው ሰው። ከአልጋው ራስጌ ደግሞ አንዲት የዝሆን ጥርስ ቁልፍ አለች። እሷን ሲጫኗት በሩ ላይ ሰው ይበቅላል።

ራደን ማርቶ ተጫኗት። ሰው በቀለ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ሻሹን እንደ አገራችን ሰው የቋጠረ አሳላፊ ነበር። ቀና ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ደፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ስምህ ማነው?» አሉት።

«ዎንግሶ እባላለሁ ጌታዬ። የእርስዎው ወረዳ፣ የካራንግጃቲ ሰው ነኝ። አባቴ የአባትዎን ፈረሶች ያጥብ ነበር።»

«የዚያ አንካሳ ልጅ?»

«የዚያ አንካሳ ልጅ፣ ጌታዬ።»

«እዚህ መርከብ ላይ ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ወር ሆነኝ። ገና በሙከራ ላይ ነኝ። ስድስት ወር ሲሞላኝ ቋሚ ያደርጉኛል፤ አንድ ሳህን ካልሰበርኩ፣ ሜኔር ኮስተርንም ካላስቆጣሁ።»

«ኮስተር ደግሞ ማነው?»

«የምግብ አዳራሹ አለቃ ነው ጌታዬ። ድምፁ ከመርከቧ ጡሩምባ ይበልጣል።»

ራደን ማርቶ ሎሚ ያለበት ውሃ አዘዙ። ዎንግሶ በቁጢጡ ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ። ከዚያ ቁልፏ እንደማትሳሳት ለማረጋገጥ እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫኗት። አሥራ አንድ ጊዜ ዎንግሶ በቀለ።

ፋን ዴልደን ሲመጣ በሩን በትከሻው ሞላው። ጢሙ ቀይ ነው፣ ሆዱ የጎሽ ነው፣ ሳቁ ግን ክፋት የለውም። ክፍሏ ውስጥ አልጋው አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ ነው፤ በመሃላቸው ትንሽ የእንጨት መሰላል ተሰክቷል።

«ራደን፣ እርስዎ ታች ይተኙ» አለ ኮቱን እያወለቀ። «እኔ ላይ እወጣለሁ። በልጅነቴ ዛፍ መውጣት እወድ ነበር።»

ራደን ማርቶ የላይኛውን አልጋ አዩ፣ የሰውዬውን ሆድ አዩ፣ የራሳቸውን ራስ በእጃቸው ዳሰሱ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከእኔ ራስ በላይ ተኝቶ ያደረ ሰው በሰባት ትውልድ የለም።»

«እኔ እኮ አላንኮራፋም።»

«ቢያንኮራፉም ባያንኮራፉም። ላይኛው የኔ ነው።»

«መሰላሉን ይችሉታል? በዚህ ባቲክ?»

«የሱሜሩን ተራራ እየዘፈንኩ ወጥቻለሁ።»

ወጡ። እንዴት እንደወጡ፣ ማን ከታች እንደገፋቸው አይጠየቅም። ዋናው ነገር ወጡ፤ ጣሪያው አፍንጫቸውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ተንጋለሉ። ከታች የፋን ዴልደን ድምፅ መጣ፤ አሁን አይስቅም።

«ራደን፣ እንደ ወዳጅ ልንገርዎ። ባታቪያ ያሉትን የሚያስጨንቃቸው ይሄ ነገር ነው። የማን ራስ ከማን ራስ በላይ ነው ሲባል ሥራ ይቆማል። ነገ ምሳ ላይ አብረን እንቀመጣለን። በሰላም ከበላን ለመጻፍ ደስ ይለኛል። ካልሆነ ግን ያየሁትን መጻፍ አለብኝ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አሉ ራደን ማርቶ ለጣሪያው።

በማግስቱ ቀትር ላይ የምሳው የነሐስ ደወል ተደወለ። ከዚህ በኋላ ያለውን ስትሰሙ አትቸኩሉ።

የምግብ አዳራሹ ጣሪያ ከፍታው ደመና ያስገባል። ሦስት መቶ ነጮች ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ወገባቸውን እንደ ጉንዳን ያሰሩ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን በደረቅ ኮሌታ ያነቁ። የገበታው ጨርቅ ለሌላ መርከብ ሸራ መሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሰባት ሹካ ተደርድሯል፤ ሰባተኛው ለምን እንደሆነ ከካፒቴኑ በቀር የሚያውቅ የለም ይባላል። መሃል ላይ፣ ከፍ ባለ መድረክ፣ ጥቁር ፒያኖ ተቀምጧል። ፒያኖውን አትርሱት፤ ዝሆን ያህላል።

ራደን ማርቶን በካፒቴኑ ቀኝ አስቀመጧቸው። ፋን ዴልደን ፊት ለፊታቸው ነው፤ ከሳህኑ ጎን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አስቀምጧል። ጩቤያቸው ጀርባቸው ላይ ስለሆነ ወንበሩን መደገፍ አይችሉም፤ እንደ ሻማ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሩዝ መጣ። ነጭ፣ የሚተን፣ እንደ ኮረብታ። ሹካቸውን በትክክለኛው እጅ ያዙ። ናፕኪኑን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ለካፒቴኑ ስለ አየሩ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ካፒቴኑ ደግሞ ሁለት ቃል መለሰ። ፋን ዴልደን ፈገግ አለ። የአውራጃው ወንበር ከዚያ ገበታ ላይ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ መሰለ።

በዚህ መሃል የማዕድ ቤቱ በር ተከፈተ።

ሃያ ሁለት አሳላፊዎች በአንድ መስመር ወጡ፤ ሃያ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን፣ እያንዳንዳቸው አንድ ወጥ ይዘው። ዶሮ በኮኮናት ወተት፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በቅመም የተቀቀለ እንቁላል፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ፣ ኪያር በኮምጣጤ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ዐይን የሚያስለቅስ የበርበሬ ሳምባል፣ ሲቆረጥም እንደ እሳት የሚንጣጣ የሽሪምፕ ቂጣ፣ የቀረውን እናንተ ጨምሩበት። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ መስመሩ ከክብር እንግዳው ይጀምራል፣ እንግዳው ከእያንዳንዱ ሳህን ጥቂት ይወስዳል፣ መስመሩ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ እንዲህ እየተባለ ሦስት መቶው ሰው ይዳረሳል።

የመስመሩ ራስ ዎንግሶ ነበር። የያዘው ዶሮውን ነው።

ዎንግሶ በራደን ማርቶ ግራ ደረሰ። ሳህኑን ሊያቀርብ ጎንበስ አለ። የራሱን ራስ አየ፣ የጌታውን ራስ አየ። ጌታው ተቀምጠዋል፤ እሱ ቆሟል። ጉልበቱ ሳይጠይቀው ታጠፈ። ቁጢጥ አለ፤ ዶሮው ከገበታው በታች ጠፋ።

ከኋላው ያለው ዓሣ የያዘው የኬዲሪ ሰው ነው፤ ኬዲሪም ጃቫ ነው። ፊተኛው ቁጢጥ ሲል እሱ ቆሞ ይቀራል? ቁጢጥ አለ። እንቁላሉም ቁጢጥ አለ። ቴምፔው፣ ኪያሩ፣ ሙዙ፣ ሳምባሉ። ሃያ ሁለቱም እንደ ማራገቢያ ተጣጠፉ። በገበታው ላይ የሚታየው የሻሽ ጫፍ ብቻ ሆነ።

ነጮቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ራባቸው። አንዲት የስኳር ነጋዴ ሚስት «ዓሣው የት ሄደ?» ብላ የገበታውን ጨርቅ ገልጣ አጎነበሰች። አንድ የቡና አምራች ማንኪያውን ሳያይ ወደ ታች ልኮ ሳምባል ቀዳሁ ብሎ የሰው ሻሽ ቀዳ። ሩዙ መቀዝቀዝ ጀመረ። መስመሩ አልተንቀሳቀሰም።

ኮስተር ከበሩ ዘሎ መጣ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ነበር።

«ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። «አሁኑኑ! ያልቆመ ሰው ሰማራንግ ላይ ከነሻንጣው ይወርዳል! አንተ ከፊት ያለኸው፣ ካንተ ነው የምጀምረው!»

ዎንግሶ አልቆመም። ወጡ በሳህኑ ጠርዝ እየፈሰሰ ነው። ቢቆም ከካራንግጃቲ ሰዎች ማንም ዐይኑን አያየውም፤ አባቱም ጭምር። ባይቆም ነገ ጠዋት ሰማራንግ መንገድ ላይ ነው፤ ከኋላው ያሉትም አብረውት።

ራደን ማርቶ ወደ ታች አላዩም። ፋን ዴልደንን አዩ። ፋን ዴልደን እርሳሱን አነሳ።

«ራደን» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ነገር ይበሉ እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? «ቁሙ» ቢሉ በገዛ አፋቸው ክብራቸውን ለሆላንዶች ማስረከባቸው ነው። ዝም ቢሉ ሰዎቻቸው ተበተኑ፣ ወንበሩም ሄደ። ራደን ማርቶ ግን ሌላ ሰው አይደሉም። የሌሊቱ አልጋ ትዝ አላቸው። ታች ያለው ወርዶ ማሳለፍ ካልቻለ፣ ላይ ያለው ይውጣ!

ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። የመርከቧ ሞተር ራሱ ቆሞ አዳመጣቸው ይባላል። ሳህናቸውን ያዙ። በሦስት እርምጃ መድረኩን ወጡ፣ በአራተኛው የፒያኖውን ወንበር፣ በአምስተኛው የፒያኖውን ጀርባ። እዚያ ላይ እግራቸውን አጣምረው፣ እንደ ዙፋን ላይ፣ ቁጭ አሉ። ፒያኖው ከሆዱ አንድ ወፍራም ድምፅ አወጣ። ከላይ ሆነው አዳራሹን ቃኙና፣

«በሉ ልጆቼ» አሉ፣ «አሁን የማንም ራስ ከራሴ አይበልጥም። ቁሙና አሳልፉ። ሰው ራበው።»

ሃያ ሁለቱም እንደ አንድ ሰው ቆሙ። ዎንግሶ ዶሮውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ራደን ማርቶ አንድ ቅልጥም አነሱ። ዓሣው ተዘረጋ፣ እንቁላሉ ተዘረጋ፤ ሃያ ሁለቱንም ቀመሱ። መስመሩ ወደ ካፒቴኑ አለፈ። ሩዙ አልቀዘቀዘም፣ እንዲያውም እንደገና መተን ጀመረ። ካፒቴኑ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠ። ሴቶቹ መሐረባቸውን አውለበለቡ። ኮስተር ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ፋን ዴልደንም ደብተሩን ወደ ባሕሩ ወረወረና «ስለዚህ ሰው የሚጻፍ ነገር የለም፤ በዐይን የሚታይ ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ።

ባታቪያ ላይ ሹመቱን በትሪ አቀረቡላቸው። ራደን ማርቶ ግን የጓሯቸውን የዱሪያን ዛፎች አስበው፣ ከእነዚያ ዛፎች ርቀው መኖር ስለማይችሉ፣ «ለአጎቴ ልጅ ስጡት፣ እሱ ሥራ ይፈልጋል» ብለው ተመለሱ። እስከ ዛሬም የወረዳ ገዥ ናቸው።

ራደን ማርቶ ይህን ታሪክ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከሶላት መልስ፣ በግቢያቸው ዳስ ሥር ይነግሩናል። አሁን ጸጉራቸው ነጭ ነው። እኛም ሁልጊዜ ፒያኖው ጋ ስንደርስ እናጨበጭባለን። ባለፈው ዓርብ ግን በዳሱ ጠርዝ፣ ከምንጣፉ ውጭ፣ አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ከባሕር ሥራው በጡረታ ተሰናብቶ ካራንግጃቲ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ጌታውን እጅ ሊነሳ መጥቶ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ።

ፍየል ነጋዴው ዲርጆ ቀድሞ አወቀው።

«ጋሽ ዎንግሶ! ዶሮውን የያዙት እርስዎ ነዎት እኮ! እስቲ ይንገሩን፣ ፒያኖው አልተሰበረም? ጌታችን እኮ ያኔ ከዛሬም ይወፍሩ ነበር አሉ!»

ሰው ሳቀ። ዎንግሶ ወደ ራደን ማርቶ ተመለከተ።

«ንገራቸው» አሉ ራደን ማርቶ እየሳቁ። «ምን ያስፈራሃል? ንገራቸው እንጂ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለ ዎንግሶ። ድምፁ ሳህን ገበታ ላይ ሲያስቀምጡ እንደሚሰማው ያህል ነበር። «ፒያኖ አልነበረም።»

ዲርጆ ሳቁን ጀምሮ ተወው።

«ሃያ ሁለትም አልነበርንም፤ ሰባት ነበርን። ካፒቴኑ በዚያ ቀን ለምሳ አልወረደም። እኔ ቁጢጥ ማለቴ እውነት ነው፤ ሜኔር ኮስተርም ሰማራንግ ላይ ትወርዳላችሁ ብሎናል። ያን ጊዜ ጌታዬ ተነሱ። ‹ሆዴን አሞኛል› ብለው ወጡ። አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። እሳቸው ሲወጡ እኛ ቆምን፣ ፈረንጆቹም በሉ። ሜኔር ፋን ዴልደን ወንበሩን ያስቀረብዎትን ወረቀት ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ሩዝ እጨምርለት ነበር። ሆድዎን እንዳላመመዎት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።»

 ራደን ማርቶ ወደ ዱሪያን ዛፎቻቸው ያዩ ነበር።

«በዚያ መርከብ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ» አለ ዎንግሶ። «አራት ልጅ አሳደግሁበት። ልጆቼ ታሪኩን የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ ሌላውን ዛሬ መስማቴ ነው።»

ከቁጢጡ ሳይነሳ ወደ ጌታው ዞረ።

«ምሳዎን በሳህን አድርጌ ወደ ክፍልዎ አምጥቼ ነበር፣ ጌታዬ። አንኳኳሁ፤ አልከፈቱልኝም። ሰማራንግ እስክንደርስ ከበሩ ውጭ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ። እዚያ የሚያየኝ ፈረንጅ፣ ቁም የሚለኝም አልነበረም።»